ከመግሪብ በፊት ያለው ኪሎ

ረመዳን ከገባ ወዲህ አንድ ቦርጫም ሰውዬ መግሪብ ሲቃረብ አሶሳ ገበያ በር ላይ ሚዛን ይወጣል። ጫማውን ያወልቃል፤ ከዘራውን፣ ኮፍያውን፣ ለማፍጠሪያ የያዛትን ቴምር ሳይቀር ለባለሚዛኗ ለበለጡ ያስይዛል። መርፌው ዝቅ ሲል ፊቱ ይፈካል። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የተመዘነ ማን አይቀንስም?

ትናንት በለጡ አላስቻላትም። «አባባ፣ የቀነሰው እኮ ውሃ ነው። አፍጥረው ቢመዘኑ ይመለሳል።»

«አውቃለሁ» አላት እየሳቀ። «እናቷ በስኳር በሽታ ከሞተች ወዲህ ልጄ ከጉባ እየደወለች ‹አባ፣ ስንት ኪሎ ሆንክ?› ትለኛለች። በጾም መዋሸት ደግሞ ሐራም ነው።»

አዛን ተሰማ። ቴምሯን ከበለጡ ተቀበለና ሳይጎርስ ስልኩን አወጣ።

«ቆይ፣ እውነቱ ሳይወፍር ልንገራት።»