ጸደንያ ቢቸና ያረፈች ዕለት

ቢቸና ውስጥ አውሮፕላን የምታበርር ልጅ ሲባል የመሪጌታ አካለ ወልድ ጸደንያ ናት። አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው። ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን እያበረረች ሐኪሞችን ወደ ገጠር ማመላለስ ከጀመረች ወዲህ፣ መሪጌታ ስለ እሷ ራሳቸው ባያነሡም ሰው ሲያነሣላቸው ደስታቸውን መደበቅ አይችሉም ነበር።

በመስከረም የዓይን ሐኪሞች ይዛ ሞጣ ሰነበተች። ቀጥሎ ተራው የቢቸና ሆነ። ያገሯ ሰው መምጣቷን ሰምቶ የድሮው የሣር ማረፊያ ሜዳ ምዕራብ ጫፍ ላይ ግልብጥ ብሎ ወጣ። መሪጌታም ጥላቸውን ይዘው ከፊት ቆሙ።

ከላይ ስታይ ሜዳው ከሌሊቱ ዝናብ እንደረጠበ ነው። የነፋስ መጠቆሚያው ጨርቅም ወደ ምሥራቅ ተወጥሯል። እንደ ደንቡ ዞራ፣ ከምሥራቅ በኩል ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛ መግባት ነበረባት። እንደዚያ ካደረገች ግን ጎማዋ መሬት የሚነካው ከሕዝቡ ርቆ ነው። እሷ ደግሞ አባቷ ፊት ማረፍ ፈለገች። ነፋሱን ከኋላዋ አድርጋ በቀጥታ ገባች።

አውሮፕላኑ ፈጠነባት። ሕዝቡን በእልልታው መሐል አልፎ፣ ጎማው ሣሩን ሳይነካ ሜዳው ተጋመሰ።

አጠገቧ የተቀመጠችው የዓይን ነርሷ ሲስተር ባንቺዓለም፣ «ካፒቴን፣ ሜዳው አያልቅብንም?» አለች።

ለሞተሩ ኃይል ሰጥታ ሳታርፍ እንደገና መነሣት ትችል ነበር። «እንዴት አባቴ እያየኝ ማረፉን ስቼ እነሣለሁ?» ብላ አሳረፈችው። ፍሬን ብትይዝ እርጥቡ ሣር አንሸራተተው፤ የፊት ጎማው የውሃ ቦይ ውስጥ ገባና አውሮፕላኑ በአፍንጫው ተደፋ።

ሰው አልሞተም። የሲስተር ባንቺዓለም እጅ ግን ተሰበረ።

ሕዝቡ እየጮኸ ደረሰ። ማንም ምን ሆነሽ ብሎ ሳይጠይቃት ምክንያቱን አገኘላት፤ ሜዳው ዳር አንዲት ላም ትግጥ ነበር። «ላም ገብታባት ነው! ዘበኛው ሥራውን ትቶ!» ተባለ። የሜዳውን ዘበኛ ጋሼ ሽታሁንን ወዲያው ፖሊስ ወሰዳቸው። ጸደንያ አየች፤ አንደበቷ ግን አልተፈታም።

ያን ዕለት የአባቷ ቤት በጠያቂ ተጨናነቀ። «እንኳን እግዜር አተረፈሽ» እያሉ ጉልበቷን ሳሟት፤ ዘበኛውን ረገሙላት። ሲስተር ባንቺዓለም እጇን በጀሶ አሳስራ መጣችና ጥግ ተቀመጠች። ጸደንያ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

በማግስቱ ጠዋት መሪጌታ ከቅዳሴ ተመልሰው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ላሟን አይተሻት ነበር?»

«ከወረድኩ በኋላ ነው ያየኋት፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ ገባሁ። ፈጠንኩ። መነሣት ስችል… እርስዎ ፊት ስቼ መነሣቱ አሳፈረኝ።»

መሪጌታ ጥላቸውን አነሡ። «ሰውየውስ?»

«እዚያው ናቸው፤ አልተፈቱም።»

«ተነሺ» አሏት።

ፖሊስ ጣቢያ መኮንኑ ቃሏን ሰምቶ፣ «ካፒቴን፣ ድንጋጤው ገና አለቀቀሽም፤ ሂጂ እረፊ» አላት። በረንዳው ላይ የተሰበሰበው ሰው እስኪሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው! ላሟ መንገዴ ላይ አልነበረችም!»

ጋሼ ሽታሁን ተፈቱ። ይሰድቡኛል ብላ ስትጠብቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እኔም እኮ ላሟን ቀደም ብዬ ማባረር ነበረብኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት። ጸደንያ ከዚያ ይልቅ ቢሰድቧት በወደደች። ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ብትል ትከሻዋን ይዘው አስቀሯት።

ከአዲስ አበባ ለመጡት መርማሪዎችም ያንኑ ነገረቻቸው። ከበረራ ታግዳ፣ በዕድሜ ከእሷ ከሚያንሱ ተማሪ አብራሪዎች መሐል ቁጭ ብላ ማረፍን እንደ አዲስ ተማረች። ሲስተር ባንቺዓለም እጇ ድኖ፣ ከእገዳው በኋላ በነበረው የሞጣ ጉዞ ሳትጠራ መጥታ ከፊት ወንበር ተቀመጠች።

ጸደንያ ቢቸና በተመለሰች ጊዜ ሁለት ጊዜ ዞራ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛ በዝግታ አረፈች። ሜዳው ላይ ከጋሼ ሽታሁንና ከጥቂት የጤና ጣቢያ ሠራተኞች በቀር ማንም አልነበረም። መሪጌታ አልመጡም። እንደገና እሳቸው ፊት ለማረፍ እንዳትፈተን ለእሷ አስበው ይሁን ወይስ ለራሳቸው አፍረው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቀቻቸውም።