አባ ያልተናገሩት

የያዙኝ ሳስተምር ነው። ጠመኔ በእጄ እንዳለ አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሞ «መምህር፣ ለአንድ ጉዳይ ትፈለጋለህ» አለኝ። ተማሪዎቹ ዝም ብለው አዩኝ። ኮቴን ከወንበሩ ላይ አንሥቼ ወጣሁ። ጉዳዩን አውቀው ነበር። የታኅሣሡ ግርግር ከከሸፈ ወዲህ የአክስቴ ልጅ፣ መቶ አለቃው፣ በየቦታው ይፈለጋል። ከአዲስ አበባ አምልጦ ወደ አንኮበር ሲሄድ ደብረ ብርሃን እኔ ቤት አድሯል።

ያስገቡኝ ከጣቢያው ጀርባ ካለ የድንጋይ ክፍል ነው። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር መሰለኝ፣ ከወለሉ ስንጥቅ ገብስ ይለቀም ነበር። የጥር ውርጭ ከቆርቆሮው ሥር እየገባ ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሴን ያረጥበዋል። ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ገብተዋል። አንዱ የመዘዞ ሰው ናቸው፤ የቀድሞ አጥቢያ ዳኛ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ። ሌላው ጥቁር ቀሚስ የለበሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ቄስ ናቸው። ጥምጥም አላደረጉም።

«የኛ አይደሉም» አሉኝ ዳኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ካቶሊክ ናቸው።»

ቄሱ ለምን እንደታሠሩም የነገሩኝ ዳኛው ናቸው። አባ አንኮበር አካባቢ ያሉ ጥቂት ካቶሊክ ቤተሰቦችን ሊጠይቁ በበቅሎ መጥተው ሳለ፣ አንድ መኮንን ከፊታቸው ተንበርክኮ ሲናዘዝ ታይቷል። ምን እንዳላቸው፣ ወዴት እንደሄደ ቢጠየቁ አልናገርም ብለዋል።

መኮንኑ የአክስቴ ልጅ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በልጅነቱ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ በዚያው እምነቱን ለውጧል፤ በቤተሰባችን ይህ ነገር አይነሣም። እኔ ቤት ማደሩንም ተናዝዞ ከሆነ፣ የእኔ ነፍስ በእኚህ በማላውቃቸው ሰው አፍ ላይ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከአባ ላይ አልነቀልኩም። የሚጸልዩት በግዕዝ ነው። እንደ እኛው ያማትባሉ፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። ይህ እንዲያውም ጥርጣሬያችንን አባሰው። ዳኛው ለማስመሰል ነው ይሉኝ ነበር። ምግብ ሲመጣ ጀርባችንን ሰጥተናቸው እንበላለን። አባ ቅር ያላቸው አይመስሉም፤ ይህንንም አልወደድኩላቸው።

አንድ ቀን መርማሪው አስጠራኝና ወንበር ሰጠኝ።

«ቄሱ ሁሉን ነግሮናል» አለኝ። «የቀረው ካንተ አፍ መስማት ብቻ ነው።»

የማውቀው የለም አልኩት። አስብበት፣ ጊዜ እሰጥሃለሁ ብሎ መለሰኝ። ክፍሉ ስገባ አባ መቁጠሪያቸውን ይዘው አገኘኋቸው። ሲታሠሩ ተወስዶባቸው እንደነበር ዳኛው ነግረውኛል። ስለ ምን ውለታ መለሱላቸው ብዬ ጠረጠርኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት ሹፌር አመጡብን። በጣርማ በር መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ ነው፤ ተፈላጊ አሳፍረሃል ተብዬ ነው የታሠርኩት ይላል። ሲጋራው አልተወሰደበትም። ወሬ ያበዛል፣ መቶ አለቃው የት ደረሰ እያለ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ካቶሊክ ነኝ አለ። ዳኛው ገና በመጀመሪያው ቀን ጆሮ ጠቢ ነው ብለው ፈረዱበት፤ እኔም አልተጠራጠርኩም።

አንድ ጠዋት እኔና ዳኛው በሩ አጠገብ ፀሐይ ስንሞቅ፣ ሹፌሩ ማዕዘኑ ጋ ሄዶ ከአባ ፊት ተንበረከከ። አባ ነጠላቸውን በአንገታቸው ዙሪያ አደረጉና ጆሯቸውን ሰጡት። ብዙ ቆየ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሲነሣ ማንንም ሳያይ ሄዶ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ስለ መቶ አለቃው ጠይቆን አያውቅም።

ሹፌሩ ወደ መጸዳጃ ሲወጣ ዳኛው በእኔ ድጋፍ ተነሥተው ግድግዳውን ይዘው ወደ አባ ሄዱ። ሲያነጋግሯቸው የመጀመሪያው ነበር።

«አባ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩን። ይህ ልጅ ጆሮ ጠቢ ነው?»

አባ መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ጀመር።

«ቃል አይተንፍሱ። ራስዎን ብቻ ይነቅንቁልን። እኛ ከጠፋን እርስዎም አይተርፉም።»

«ዳኛ፣ ይህን እኔን አይጠይቁኝ።»

እኔ ተናደድኩ። ዝምታዎ የሚጠቅመው እነሱን ነው አልኳቸው።

«ይሆናል» አሉ አባ። «ይሆናል፣ ልጄ።»

ፊታቸውን አላዞሩም። አንገታቸው ወደ አዎም ወደ አይደለምም አላለም። ዳኛው እያጉረመረሙ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ያን ቀን ሙሉ ስበሳጭ ዋልኩ። ወደ ማታ ግን ንዴቴ በረድ ሲል ነገሩን ከሌላ ወገን አየሁት። እኚህ ሰው አብረናቸው ለታሠርነው፣ ለራሳቸውም በሚያሰጋ ጉዳይ፣ በራስ ንቅናቄ እንኳ አልነገሩንም። ለመርማሪው ታዲያ እንዴት ይነግራሉ? መቁጠሪያው የተመለሰላቸው እኔ እንዳየው ተብሎ ቢሆንስ?

መርማሪው እንደገና አስጠርቶኝ ያንኑ ደገመልኝ።

«እሳቸው ከነገሩዎት እኔ የምጨምረው የለኝም» አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ብዕሩን ዘጋ። ዳግመኛ የአባን ስም አላነሣብኝም።

ብዙም ሳይቆይ አባን ወደ አዲስ አበባ ሊወስዷቸው መጡ። ወታደሩ ሲያጣድፋቸው ዳኛው እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው መነሣት ጀመሩ። ለመጸዳጃ እንኳ ደግፈን የምናነሣቸው ሰው ነበሩ። ልደግፋቸው ስል እጄን ገፉት። ቀጥ ብለው ቆሙና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እግዚአብሔር ይከተልዎ» አሉ። አባ እጅ ነሡ። እኔን ተሰናበቱኝ። ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር፤ ሄደው ትከሻውን ነካ አደረጉና እሱንም ተሰናበቱት። ለእኛ ካሉት አላስበለጡም፣ አላሳነሱም።

እኔ በሁዳዴ ተፈታሁ። የአክስቴ ልጅ በአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ተመርቶ በቆላው በኩል ከአገር ወጥቶ ኖሮ፣ ከዓመታት በኋላ ምሕረት አግኝቶ ተመለሰ። ለአባ ምን ነግረሃቸው ነበር አልኩት። እኔ ቤት ማደሩን፣ የሚመራውን ነጋዴ ስም፣ መንገዱን፣ ሁሉን ነግሯቸው ኖሯል። አባን ፈልጌ አላገኘኋቸውም፤ ደቡብ አገር ሲያገለግሉ እንዳረፉ ሰማሁ።

ሹፌሩን ግን አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ጣርማ በር ላይ መኪና አጥቼ ቆሜ ሳለ አቆመልኝ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ስለ ልጆቹና ስለ መንገዱ ጭጋግ አወራኝ። ጥያቄው ምላሴ ላይ ነበር፣ ግን አልጠየቅሁትም። ሻንጣዬን ከጭነቱ ላይ አወረደልኝና ተሰነባበትን።

አሁን አርጅቻለሁ። ይህን ስነግራቸው ልጆቼ ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ሹፌሩ ነው፤ ጆሮ ጠቢ ነበር ወይስ አልነበረም?

የሚያውቁት አባ ብቻ ነበሩ፣ እላቸዋለሁ።