ወንዙ ላይ የተጨመረ ስንዝር

አባቴን የገደለው ቀዩ የሚባል ገበሬ አካፋ ነበር። አካፋውን ያስነሳው ግን የአጎቴ አንድ ቃል ነው። ይህን ስል ዘመዶቼ «ተይ እንጂ» ይሉኛል። አልተውም።

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ወንዙ ዳር ወርዶ፣ ውሃው ውስጥ የተተከለውን ባለቁጥር የብረት ዘንግ አንብቦ ደብተር ላይ ጽፏል። በሠርጉ ቀን እንኳ ሙሽሪትን መኪና ውስጥ አስቀምጦ ወርዶ አንብቧል፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ «እኔን ያገባኝ ከወንዙ ሲተርፍ ነው» ትላለች። ቁጥሩ ወደ ተፋሰሱ ቢሮ ይሄዳል። እዚያ ያሉት ኢንጂነሮች በመጪው ሃያ ዓመት ውሃ ሲያጥር ለከተማው ስንት፣ ለታች ገበሬዎች ስንት እንደሚደርስ የሚያቅዱት በእሱ ቁጥር ነው።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ጎርፍ ዘንጉን ነቀለው። ቢሮው «ባለሙያ እስኪመጣ ጠብቅ» አለ። ሜትር መጠበቅ የት ያውቃል! ራሱ ተከለው፤ ዳግመኛ እንዳይነቀል ብሎም ከቀድሞው አንድ ስንዝር አጠለቀው። ዘንጉ ዝቅ ሲል ውሃው ከፍ ያለውን ቁጥር ይነካል። ስለዚህ ለማንም ሳይናገር ካነበበው ላይ ሃያ ሴንቲ ሜትር እየቀነሰ ይጽፍ ጀመር።

ከዚያ ወባ ጣለው። ታናሽ ወንድሙ፣ አባቴ፣ ሦስት ሳምንት አነበበለት። ስለ ስንዝሩ የነገረው ስለሌለ ያየውን ጻፈ። ሜትር ከአልጋው ሲነሳ ቁጥሩ ተልኳል፤ ቢሮውም ወንዙ ጨመረ ብሎ ደስ ብሎታል። «ስህተት ነው» ቢል ዘንጉን ያለ ፈቃድ መትከሉ ሊወጣበት ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ መናገር ነበረበት። እሱ ግን ዝም ብሎ መቀነሱን ተወ። ትልቁ እቅድ የተሠራው በዚያ በሌለ ስንዝር ነው።

እቅዱ ዘንጉ ከመቶ ሴንቲ ሜትር በላይ ካሳየ የታች ገበሬዎች በሳምንት አራት ቀን ውሃ ያገኛሉ ይላል። አባቴ የቦያቸው መዝጊያ ጠባቂ ነበር። ውሃ ሲያጥር የከተማው ፓምፕ ድርሻውን ከላይ ይስባል፤ ለታቹ የሚተርፈው ጭቃ ነው። ወረቀቱ ውሃ አለ ካለና ቦዩ ደረቅ ከሆነ፣ ጠባቂው ሸጦታል ማለት ነው። ማንም እንዲህ ያስባል።

መጀመሪያ ገበሬዎቹ ጥርሱን አወለቁት። ሁለት ጥርሱን በመሐረብ ቋጥሮ ሜትር ቤት ሄደ። እኔም ደግፌው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ቁጥርህ ሌባ አደረገኝ። እስቲ ዘንጉን እየው፤ ደህና ነው?»

«ብረት አይዋሽም» አለ ሜትር፣ መሬት መሬቱን እያየ።

በሳምንቱ ቤታችን በድንጋይ ተደበደበ። መስኮቱን የሰበረው ድንጋይ የእናቴን ትከሻ ሰበረ። አባቴ ግን በማግስቱ ሥራ ገባ። ካልገባሁ ጥፋተኛ ነኝ ማለቴ ነው ብሎ።

ማክሰኞ ጠዋት ቁርሱን ይዤለት ስደርስ ሠላሳ ያህል ሰዎች ከመዝጊያው ግንብ ጋር አጣብቀውታል። ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ አንድ ዓይኑን ደፍኖታል። ልገባ ስል አንዱ በክርኑ አፌን ብሎ ጣለኝ። ሜትር ጩኸቱን ሰምቶ ከዘንጉ ዘንድ እየሮጠ መጣ። ቀዩ፣ በቆሎው ዓይኑ እያየ የደረቀበት ገበሬ፣ ደብተሩን ቀማው።

«መቶ አሥር!» ብሎ አነበበ። «የዛሬ ነው። ሜትር፣ አንተ ዋሽተህ አታውቅም። ቁጥሩ ትክክል ነው?»

አባቴ በቀረችው ዓይኑ ወንድሙን አየው። ሜትር ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«ትክክል ነው» አለ።

አካፋው በጠርዙ ወረደ። ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሁለተኛውን ሲያነሳ ሜትር ዘሎ አባቴ ላይ ተኛ፤ ምቱ እሱን ጀርባው ላይ አገኘው። ምን ዋጋ አለው፤ አባቴ አልቆ ነበር።

ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ሜትር ስንዝሩን ነገረኝ። በቡጢ ፊቱን መታሁት። ደግሜ መታሁት፤ አፍንጫው ደማ። እጁን እንኳ አላነሳም። ነርሷ ናት ያስለቀቀችኝ።

በማግስቱ የጀርባውን ፋሻ ሳይፈታ ቢሮ ሄዶ ተናገረ። ከሥራው ተባረረ፣ እቅዱም እንደ አዲስ ተሠራ። ስንዝሩ ሲቀነስ ለታች ገበሬዎች የደረሳቸው በሳምንት አራት ቀን ሳይሆን ሁለት ብቻ ነው። ቀዩ ይህን የሰማው እስር ቤት ነው፤ አለቀሰ አሉ። ያልቅስ።

ዘንጉን አሁን የማነበው እኔ ነኝ። ቢሮው ድጋሚ ከመንቀል መቀነስ ይሻላል ስላለ እዚያው አለ። ሜትር ጀርባው ጎብጦ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እንዳላየሁት ለማለፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ።

«ቀነስሽ?» ይለኛል።

«ቀንሻለሁ» እለዋለሁ።