የማይንጠባጠበው ቦይለር

ሰው አዲስ ቦይለር ሲያስገጥም የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ቀለሙ ከሴራሚኩ ጋር ይሄዳል ወይ፣ ውሃው ቶሎ ይሞቃል ወይ። ሰማንያ ሊትር ውሃ ከነጋኑ ከአናቱ በላይ ተሰቅሎ፣ ኤሌክትሪክ ገብቶበት፣ ሲግል የሚተነፍስበት ቀዳዳ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። ለአንድ ጥንድ ጫማ ሦስት ሱቅ የሚዞር ሰው ለዚህ ጥያቄ ጊዜ የለውም። ተመርምሮ አልፏል የሚል አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፎ ካየ በቃው። ለጣፊው መታጠቢያ ቤት ገብቶ አይቶ ይሁን ኮሪደር ላይ ቆሞ ስልክ እያወራ፣ ደንታው አይደለም። ከዚያ ከሥሩ ልጁን ያጥባል።

ደንታ ያላት አንዲት ሴት አውቃለሁ። ሥራዋ አዲስ የተገጠመ ቦይለር ሰው ሳይጠቀምበት በፊት መመርመር ነው፤ ካለፈ አረንጓዴ ወረቀት ትለጥፋለች፣ ከወደቀ ቀይ። ቧንቧ ሠራተኞቹ ያወጡላት ስም «ቆይ» ነው። ሁሉም ሰው አለቀ ብሎ ዕቃውን ሊሰበስብ ሲያጎነብስ «ቆይ፣ አንዴ ይቺን ልይ» ስለምትል ነው። ከመኪና ስትወርድ ካዩአት «ቆይ መጣች፣ ምሳችሁን ይዛችሁ ግቡ» ይባባላሉ። ትሰማለች። «ራታችሁንም ያዙ» ብላ ታልፋለች።

ይህን ጠባይ ያስያዛት አጎቷ ነው፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋትም እሱ ነው። ትሠራበት የነበረው የልብስ ፋብሪካ ተዘግቶ በሃያ ሁለት ዓመቷ ቤት ስትውል፣ አንድ ቀን መጥቶ «ተነሺ፣ ጣሪያ ስትቆጥሪ አትዋዪ» አላትና የቧንቧ መፍቻ አስይዞ ይዟት ወጣ። ስድስት ዓመት አብራው ሠራች። የከተማው ቧንቧ ሠራተኞች እሱን «ደረቁ» ነው የሚሉት። ግትርም ስለሆነ ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ ያሰረው ቧንቧ ጠብ ስለማይል ነው። የራሱ ዘዴ አለው። ሥራ ሲጨርስ በየመጋጠሚያው ሶፍት ይጠቀልልና በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ። ከዚያ ሶፍቶቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ከንፈሩን ያስነካቸዋል፤ የጣቱ ቆዳ ስለደነደነ አያምነውም። ቅዝቅዝ ካለው ያንን መጋጠሚያ ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ባለቤቶቹ «ኧረ ይበቃል፣ አንዲት ጠብታ ምን ታደርጋለች?» ሲሉት «እናንተን ምንም፣ እኔን ግን ስሜን ታጠፋዋለች» ይላቸዋል።

ከስድስት ዓመት በኋላ መመሪያ መጻሕፍቱን ለብቻዋ አንብባ፣ ተፈትና፣ መርማሪ ሆነች። ፈተናውን ያለፈች ቀን አጎቷ ላገኘው ሰው ሁሉ «እኔንም የምትቆጣጠር ልጅ አፈራሁ» እያለ ሲስቅ ዋለ። ቀልዱን ነበር።

ቀልዱ እውነት የሆነበት ቀን ሐሙስ ነው። ጠዋት እናቷ ደወሉ።

«ዛሬ የወንድሜን ሥራ ልታዪ ነው አሉ።»

«አዎ፣ እማዬ። ራሱ ነው እኔ እንድመጣለት የጠየቀው።»

«ታዲያ ቆይ ቆይ እያልሽ እንዳታሳፍሪው። ያሳደገሽ ሰው ነው።»

«ደህና ከሠራ ምን ያሳፍረዋል?»

«ይህን ምላስሽን ቤትሽ ትተሽው ሂጂ» አሉና ዘጉት።

መሥሪያ ቤቱ ያሉት መርማሪዎች ሁለት ናቸው። ሁለተኛው በፍጥነቱ የሚመሰገን ሰው ነው፤ አለቆች ፍጥነት ይወዳሉ፣ ፈጣን ሰው ምን እንዳየ አይጠይቁትም። በዚያው ሕንፃ አጎቷ የገጠማቸው አምስት ቦይለሮች ላይ አረንጓዴ የለጠፈው እሱ ነው፣ አምስቱንም በአንድ ጠዋት። አጎቷ ግን ስድስተኛውን «የእህቴ ልጅ ትለጥፍልኝ» አለ። ውለታ ፈልጎ አይደለም፣ ሥራውን እንድታይለት ፈልጎ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀይ ወረቀት ተለጥፎበት አያውቅም። ቀይ ማለት ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ እንደ ጀማሪ ቁጭ ብሎ እስኪፈተን ድረስ አዲስ ቦይለር መግጠም አይችልም ማለት ነው።

ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የከፈቱላት አሮጊት ናቸው፣ መጥረጊያ እንደያዙ።

«ግቢ ልጄ፣ ቶሎ ጨርሺልኝ። ልጄ ወልዳ ከሆስፒታል ከምሳ በኋላ ትገባለች። ሕፃኑ ሙቅ ውሃ ይፈልጋል።»

መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሦስት ሰው ከገባ አንዱ ገንዳው ውስጥ መቆም አለበት። ቦይለሩ ከመስኮቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ነጭ፣ አዲስ፣ ላስቲኩ ገና ያልተላጠ። በትክክል ከሥሩ፣ በርጩማ ላይ፣ ሰማያዊ የሕፃን ሳፋ ተቀምጧል። ሳፋው ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠ ፎጣ አለ።

አጎቷ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ነይ እስቲ፣ ዓይንሽን ታጠቢና እዪ» አላት።

አየች። ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፤ ብሎኬቱ ባዶ በሆነበት ሳይሆን ድፍኑ ኮንክሪት ላይ ነው የበሳው። መስቀያውን በሁለት እጇ ተንጠለጠለችበት፤ አልተነቃነቀም። የኤሌክትሪኩን ማጥፊያ፣ ብሬከሩን፣ አጥፍታ የቦይለሩን ክዳን ፈታች። ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ በቦታው አለ፣ ጥብቅ ብሏል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ልኩ ላይ ነው። መጋጠሚያዎቹ እንደ ጌጥ ያበራሉ።

«እዚያ ጥግ ሸረሪት አለች፣ እሷንም መርምሪያት» አለ አጎቷ።

«ፈቃድ ካላት አልነካትም።»

አሮጊቷ ሳቁ። አረንጓዴውን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። አጎቷ ሸሚዙን አስተካከለ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጋኑን ከሥሩ አየች።

«ቆይ» አለች።

«ጀመራት» አለ አጎቷ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል አንዲት ትንሽ የናስ ዕቃ አለች፣ ማስተንፈሻ የምትባል። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ጋኑ ሙሉ ከሆነ ያበጠው ውሃ መሄጃ ስለሌለው ጋኑን ሊያፈነዳው ይችላል። ማስተንፈሻዋ በዚያን ጊዜ ጥቂት ጠብታ ታፈሳለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ታፈሳለች፣ ቤቱ ይተርፋል። የዚህችኛዋ አፍ ግን በብረት መድፈኛ ጥርቅም ብሏል፤ ውሃ እንዳያሾልክ የሚጠቀለለው ቴፍሎን ዙሪያውን ተስተካክሎ ተቆርጧል፣ ሥራው ያምራል።

«መድፈኛ ነው። ያንጠባጥብ ነበር» አለ አጎቷ።

«ማንጠባጠብ አለበት እኮ።»

«አዲስ ዕቃ?»

አሮጊቷ ገቡበት፤ «እኔ ነኝ ጠርቼ የነገርኩት፣ ልጄ። ለሙከራ ባበራሁት ቁጥር ወለሉ ይረጥባል። አራስ የሚገባበት ቤት አዳልጧት ብትወድቅስ አልኩት።»

«የመጀመሪያውን ማስተንፈሻ ቀየርኩት፣ አፈሰሰ» አለ አጎቷ። «ሁለተኛ ገዝቼ ገጠምኩ፣ አፈሰሰ። ሦስተኛው፣ ያው። ፋብሪካው ራሱ እንከን ያለበት ነገር እያመረተ ነው።»

«ሦስቱም ሲያፈሱ፣ ሥራቸው ይሆን እንዴ ብለህ አልጠረጠርክም?»

በአጎቷ የወጣትነት ዘመን ውሃ የሚሞቀው ክዳኑ ክፍት በሆነ ጋን ነበር፤ ያበጠው በላይ ይወጣል፣ ማስተንፈሻ አይፈልግም። ከዚያ ወዲህ ዕቃው ተለወጠ፣ እሱ አልተለወጠም። ሳጥኑ ውስጥ የሚመጣውን መመሪያ ወረቀት ደግሞ መስታወት ያጸዳበታል። ሰነፍ ቢሆን እኮ አያናድድም። ጠብታን አጥብቆ የሚጠላው ሰው ነው፣ መንጠባጠብ ያለባትን ብቸኛ ቦታ አንቆ የያዛት። ሰነፍ ሰው ቢሆን እንደዚያ አሳምሮ አይደፍናትም ነበር።

«ስንት ቤት ደፍነሃል?» አለችው።

«ምን ስንት ቤት?»

«ጋሼ።»

መሬት መሬት እያየ «ስድስቱንም፣ ከዚህ ጀምሬ» አለ። ከዚያ፣ «አምስቱ ላይ አረንጓዴ ተለጥፏል» አለ፣ ያ ነገሩን የሚያቀለው ይመስል። ሰውየው ምን ያድርግ፤ መንግሥት የቀጠረው መርማሪ አይቶ አለፈው፣ ልክ ነኝ ማለቱ ነው። ለዚህ ነው ሳያዩ የሚለጥፉትን የምረግመው። የአንዱን ስህተት አንስተው ሕግ ያደርጉታል።

አረንጓዴውን ወረቀት ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«ቀይ ልትለጥፊብኝ ነው?» አለ። ድምፁ ወረደ። «አንቺ? በእኔ ላይ?»

«እማማ፣ ሳፋውን ያንሱልኝ» አለች ወደ አሮጊቷ ዞራ።

«እኔ እያናገርኩሽ ነው።»

«ከእኔ ጋር አትከራከር። ከመለኪያው ጋር ተከራከር።»

የእጅ ሻወሩን ቱቦ ፈትታ በቦታው የግፊት መለኪያ አሰረች፤ ፊቱ እንደ ሰዓት የሆነ፣ አንዲት መርፌ ያለችው። የሙቅ ውሃውን መክፈቻ ወደ እሱ ከፈተች። መርፌዋ ሦስት ላይ ቆመች። ሁሉንም ከመታጠቢያ ቤቱ አስወጥታ ብሬከሩን አበራች፤ ብሬከሩ ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ነው።

«ማስተንፈሻው ላይ ስምንት ተብሎ ተጽፏል» አለች። «ስምንት ላይ መተንፈስ አለበት። ዘጠኝን አልፎ አሥር ከመድረሱ በፊት እኔ አጠፋዋለሁ። እስከዚያ ማንም አይግባ።»

ሦስቱም ከበሩ ውጭ ቆመው መርፌዋን ያያሉ። ከጋኑ እንደ ሩቅ ማንቆርቆሪያ ያለ ድምፅ ይሰማል። አራት። አሮጊቷ ፎጣውን አቅፈው ቆመዋል። አምስት።

«እኔ እኮ ውሃ ብቻ የሚሞቅ ይመስለኝ ነበር» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው፣ «ይሄ ይቆጣል እንዴ?»

«ይቆጣል፣ እማማ። መናገሪያውን ነው የደፈንንበት።»

ስድስት። ሰባት። አጎቷ አንገቱን አስግጎ የማስተንፈሻዋን አፍ ያያል፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠብታ እየጠበቀ። መርፌዋ ስምንትን አለፈች። ምንም ጠብ አላለም። አፏ ደረቅ ነው፣ እሱ እንዳደረቃት።

«እስካሁን ቴርሞስታቱ ደህና ነው» አለች። «እሱ ደግሞ አንድ ቀን ተጣብቆ ቢቀርስ? ማሞቁን ባያቆምስ? ልጁ ሳፋው ውስጥ…»

«ይብቃሽ» አለ።

መርፌዋ ዘጠኝን ስትነካ እጁን ዘርግቶ ብሬከሩን ራሱ አጠፋው። ጠቅ። እሷ ገብታ የመታጠቢያውን ሙቅ ውሃ ለቀቀች፤ ፍሽሽ ብሎ ወጣ፣ መርፌዋም ወረደች። አጎቷ ግን ከብሬከሩ አጠገብ አልተነቃነቀም።

«አምስቱም ቤት ሰው ይኖርበታል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሦስተኛው ፎቅ መንታ ልጆች አሉ።»

«ለዚህ ነው የምንቸኩለው፣ ጋሼ።»

ቀዩን ወረቀት አውጥታ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፈችበት። ስሙንም ሳታሳጥር ሙሉውን ጻፈች፤ ብዙ ሰው ጭራሽ እንደማይጽፈው አውቃለሁ። ልትለጥፈው ስትል እጁን ዘረጋ።

«ወዲህ በዪ። አንቺ ሁልጊዜ ታጣምሚዋለሽ።»

ጋኑ ላይ ቀጥ አድርጎ ለጠፈው። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ መፍቻውን አንስቶ ተንበረከከና መድፈኛውን ፈታ። ከማስተንፈሻዋ አፍ ቀጭን ቱቦ አስሮ ወለሉ ላይ ወዳለው የውሃ መውረጃ አወረደው፤ ጠብታው ወለሉን ሳይነካ እንዲሄድ። ይህን ከመጀመሪያው ቢያደርግ ኖሮ አሮጊቷም አይጠሩትም፣ እሱም አይደፍንም ነበር። የአንድ ክንድ ቱቦ።

የመታጠቢያውን ሙቅ ውሃ ዘግተው እንደገና ብሬከሩን አበሩ። መርፌዋ ወጣች፤ ስምንት ላይ ደርሳ ቀጥ አለች። አጎቷ ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ የቱቦው ጫፍ ላይ ያዘ። ቆየ። ከንፈሩን አስነካው።

«ረጥቧል» አለ።

«ስንት ጊዜ ልትፈታው ነው?»

«ዝም በይ» አለ፤ ሶፍቱን ግን አጣጥፎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ቀዩን አስቀድማ መዝግባ፣ ከጎኑ አረንጓዴውን ለጠፈች። ቀዩ ከመዝገቡ አይጠፋም፤ አልጠየቃትም፣ እሷም አላባበለችውም። አሮጊቷ ሳፋውን መልሰው አስቀመጡ። ትንሽ አሰቡና ከቦይለሩ ሥር ራቅ አድርገው ወደ በሩ ሳቡት።

እሷና አጎቷ ወደ ቀሩት አምስት ቤቶች በደረጃው ሲወጡ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

«እንዴት ሆነ? ለጠፍሽለት?»

«ሁለቱንም ለጠፍኩለት፣ እማዬ። ሥራ አለብን፣ አሁን አልችልም።»

«አሳፈርሽው አይደል?» የሚለው ድምፅ እስከ አጎቷ ጆሮ ተሰማ። ጎንበስ ብሎ ወደ ስልኩ፣ «እኔው ነኝ ያሳፈርኳት፣ አንቺ ሴትዮ፤ ዝጊው» አለ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ በሩን የከፈተው የመንታዎቹ አባት ነው፣ አንዱን በክንዱ እንዳቀፈ። የመርማሪዋን ቦርሳ አየና ፊቱን አኮሳተረ።

«የእኛ እኮ ተመርምሯል። አረንጓዴው ወረቀት ይኸው አለ፣ ግቢና እይው።»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች። አጎቷ ክንዷን ያዝ አድርጎ ወደ ፊት ራመድ አለ፣ መፍቻውን እንደያዘ።

«ወረቀቱ ምንም አያውቅም፣ ወንድሜ» አለው። «የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ልጆቹን ወደ ሳሎን ውሰዳቸውና ብሬከሩን አሳየኝ።»