የማርዲስ ጣሪያ እና የአሥር ዓመቱ ደንብ

ማርዲስ ኦልስተድ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቤቷ ሠላሳ ሰባት። ቤቷ መኪና ነው፤ ከፊት መሪ፣ ከኋላ አልጋ፣ መሐል ላይ ምድጃና ለሁለት ሰው የምትበቃ ጠረጴዛ ያለው፣ ጎኑ ላይ ቡናማ መስመር የተሰመረበት ረጅም ቤት መኪና። በኦሪገን ጠረፍ፣ ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ካምፕ፣ አሥራ አራት ቁጥር ማቆሚያ ላይ ከቆመ አሥራ አንድ ዓመቱ። ባሏ ኦሪን ያረፈው እዚያው ቁጥር ላይ ነው። ሐኪሟ ጋ በእግሯ ትደርሳለች። ደጇ ላይ የተከለችው ቁጥቋጦ ዘንድሮ መስኮቱን አልፏል።

እንግዲህ እሷን ነው ውጪ ያሏት።

ካምፑ በጸደይ ተሸጠ። አዲሶቹን ባለቤቶች በዓይኑ ያየ የለም፤ ሌላ ከተማ ተቀምጠው ወረቀት ይልካሉ። በጥቅምት አንዱን ወረቀት በየበሩ ሥር አስወተፉት። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ቤት መኪና ከኅዳር በኋላ እዚህ አይቆምም ይላል። ልዩ ፈቃድ የሚፈልግ ካለ የካምፑ ኃላፊ መጥቶ ያይለታል፤ ውሳኔው ግን ከላይ ነው።

አሥር ዓመት! ይኼን ደንብ ያወጣው ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ወጥቶ አያውቅም። በዚያ ካምፕ ዝናብ ሲጀምር ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ አሥራ አራት ቁጥር ነው። የሚሮጡት ደግሞ እነማን መሰሏችሁ? የአዳዲሶቹ ቤት መኪናዎች ባለቤቶች ናቸው። ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ቴሌቪዥኑ በር የሚያክል፣ ጣሪያው ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የሚያፈስ ቤት መኪና ይዘው፣ "ማርዲስ፣ እባክሽ" ይላሉ። ማርዲስም የዝናብ ልብሷን ደርባ መሰላሏን ትሸከማለች። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶብስ የነዳች ሴት ናት፤ ከፍታም ጩኸትም አያስፈራትም።

አንድ ሕግ ነበራት፤ ጣሪያ ላይ ሲሊኮን አይቀባም። ሲሊኮን መስኮትና ገንዳ ላይ ጥሩ ነው። ቤት መኪና ጣሪያ ላይ ግን መጀመሪያ የያዘ ይመስልና ፀሐይና መንገዱ ሲያንቀሳቅሱት ጠርዙ ይነሳል፤ ውሃውም በዚያው ሾልኮ ይገባል። ክፋቱ ደግሞ አንዴ ከተቀባ በኋላ ትክክለኛው ማሸጊያ እላዩ ላይ አልይዝ ይላል። እያንዳንዷን ቅንጣት ፍቆ ማንሳት ነው። ማርዲስ በሲሊኮን ምክንያት ያልሰደበችው ጎረቤት የለም። ሰድባ ስትጨርስም ሁልጊዜ ያንኑ ትጨምራለች፤ "የእኔን ጣሪያ ኦሪን ነው ያሸገው፤ በትክክለኛው ማሸጊያ። ጠብ ብሎ አያውቅም።"

ማርዲስ ልዩ ፈቃዱን ጠየቀች፤ ኃላፊው ዓርብ ሊያይ ይመጣል ተባለ። ሰኞ ጠዋት ማርዲስ ከእንቅልፏ ስትነቃ ከአልጋዋ በላይ ኮርኒሱ ላይ የሳህን ያህል ቡናማ እድፍ አየች።

ጉድ ፈላ። በጣቷ ነካችው፤ ርጥብ ነው። ፊቷን ሳትታጠብ ከጎረቤቷ ከሎወል በር ቆመች። ሎወል ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ አምና ነበር በሲሊኮን የተሰደበው።

"የቅጠል መንፊያህን አምጣ" አለችው።

"የማን ጣሪያ ነው?"

"አምጣ አልኩህ እኮ።"

ውሃ ቤት መኪና ላይ የሚገባው በአንድ በኩል፣ የሚታየው በሌላ በኩል ነው፤ በኮርኒሱ ውስጥ ሄዶ ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይንጠባጠባል። ስለዚህ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጉ፤ በአንዷ የወደቀ ቅጠል በአየር የሚጠርገውን መንፊያ አስገብተው ዙሪያዋን በፕላስተር አሸጉና ሎወል አየሩን ወደ ውስጥ ነፋው። ማርዲስ ጣሪያው ላይ በጉልበቷ እየሄደች የሳሙና ውሃ ቀባች። አረፋ ያወጣው ቦታ ቀዳዳው ነው። ከአልጋው በላይ ምንም የለም። መሐል ላይ ምንም የለም። ከፊት፣ ከመሪው በላይ ካለችው የአየር መውጫ ዙሪያ ግን ሳሙናው ትንንሽ አረፋ ይተፋ ጀመር።

መፋቂያዋን አወጣች። የላይኛው ሽፋን ትክክለኛው ማሸጊያ ነው፤ ነጭ፣ የኦሪን ሥራ። ጠርዙን ስትቆነጥረው ግን እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገሽልጦ መጣ። ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የሚለጠጥ ነገር አለ።

ሲሊኮን።

መሐሉ ላይ ደግሞ አውራ ጣት ታትሞበታል፤ ሰፊ፣ በአንድ በኩል በመጋዝ የተቆረጠ ምልክት ያለበት። ያንን ጣት አርባ አራት ዓመት ይዛው ኖራለች።

ማርዲስ ጣሪያው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ጣሪያው የታሸገበት ቀን ትዝ አላት። ኦሪን "ትክክለኛውን የሚሸጡት ሩቅ ነው" ብሎ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። መንገድ ላይ አገኘሁ ብሎ ሁለት ሸርጣን አምጥቶላት በቅቤ በልተዋል። ሸርጣን መንገድ ላይ አይገኝም። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ሸርጣን ሲያጠምድ ውሎ፣ የማጥመጃ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ሲሊኮን ገዝቶ ቀባ። እሷ እንዳታውቅበትም ቤት የተረፈችውን ትክክለኛዋን ማሸጊያ ከላይ ሸፈነበት። ይኼን ሁሉ ዓመት እሷ በዚህ ሥራ ስትምል ስትገዘት ኖረች።

"አንተ ቀጣፊ" አለች። "አንተ ዓይንህን በጨው የታጠብክ። ሰው ፊት አፌን ሞልቼ እንድናገር አድርገኸኝ። አሁን ብትኖር ከዚህ መሰላል ነበር የምወረውርህ።"

ሎወል መንፊያውን አጠፋ። "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከኦሪን።"

"ምን አደረገ ደግሞ?"

በመፋቂያዋ ወደ ቀዳዳው ጠቆመች። ሎወል መሰላሉን ወጥቶ ብቅ አለና አየ። ፈገግታው አመለጠው።

"አምና ምን ነበር ያልሽኝ?"

"ደደብ አልኩህ።"

"በሰው ፊት።"

"አሁንም ደደብ ነህ ሎወል። ብቻህን እንዳልሆንክ ነው ያወቅኩት። ውረድና ሸራውን አቀብለኝ።"

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ሸራ ሥር በጉልበቷ ሠራች። ሲሊኮኑን በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቃ፣ የቀረውን በአልኮል አሽታ፣ የበሰበሰውን ኮምፖርሳቶ ቆርጣ ለወጠች፤ ቪቴዎቹን አዲስ አደረገች፣ ትክክለኛውን ማሸጊያ አፈሰሰችበት። እድፉንም በቀለም አጠፋች። ወገቧ ተቆርጦ ነበር፤ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋት ሐሙስ ማታ ሾርባዋን በሁለት እጇ ይዛ ነው የጠጣችው። የጣት አሻራ ያለበትን ቁራጭ ግን ከቆሻሻው ጋር አልጣለችውም። ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፋ በወጣች በገባች ቁጥር "ቀጣፊ" ትለዋለች።

ዓርብ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ኃላፊው ዌንደል ጃንጥላ ይዞ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አለቆቹን የሚፈራ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ከፊት አንድ፣ ከጎን አንድ፣ ከኋላ አንድ ፎቶ አነሳና "አመሰግናለሁ ወይዘሮ ማርዲስ" ብሎ ሊሄድ ዞረ።

"ወዴት ነው?"

"ጨርሻለሁ እኮ።"

"ጣሪያውንስ? ውስጡንስ?"

"ቅጹ ላይ ውስጡ የሚጻፍበት ቦታ የለም።" ወረቀቱን አሳያት። የተሠራበት ዓመት፣ የቀለሙ ሁኔታ፣ ከመንገድ ሲታይ ምን እንደሚመስል። በቃ።

ማርዲስ ደሟ ፈላ። ክንዱን ይዛ አስገባችውና አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ከላይ አንዲት ጠብታ የለም።

"ምን ይታይሃል?"

"ደረቅ ነው" አለ ዌንደል።

"በዚህ ዝናብ በካምፑ ውስጥ ስንቱ እንዲህ ደረቅ ነው?"

"እውነቱን ለመናገር... ብዙም አይደለም።"

"ጻፈዋ!"

"የት ላይ ልጻፈው?" አለ፤ የምሩን ነበር። ወረቀቱን ገለባብጦ አየና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

መልሱ ማክሰኞ መጣ። ሁለት መስመር ናት። "የካምፑን ገጽታ ለመጠበቅ ሲባል ልዩ ፈቃዱ አልተሰጠም።" ገጽታ! ባልዲ እየዘረጉ የሚያድሩት ገጽታ ናቸው፤ ደረቋ ሴትዮ ነውር ናት።

ረቡዕ ሁሉም የየራሱን ምግብ ይዞ አዳራሽ የሚሰበሰብበት ማታ ነበር። ማርዲስ ወረቀቱን አነበበችላቸው። እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ ጣሪያቸውን ያልወጣችላቸው ሁለት ቢሆኑ ነው። ሁሉም ሳህኑን ያያል። የሁሉም መኪና ከአሥር ዓመት በታች ነው፤ የሎወልም።

"ምን ማድረግ እንችላለን ማርዲስ?" አለ ሎወል ቀስ ብሎ።

"ወረቀት ላይ መፈረም ትችላላችሁ። ሁላችሁም ብትፈርሙ ሁላችሁንም አያባርሩም።"

ማንም ብዕር አላወጣም። አንዷ ድንች ላንሳልሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

"በሉ ዝም በሉ" አለች ማርዲስ። "እሱን ትችሉበታላችሁ።" የራሷን ድስት አንስታ ወጣች።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ውሃና መብራቷን ነቀለች። አይዳሆ ያለችው እህቷ ግቢዬ ውስጥ ታቆሚያለሽ ብላታለች። እዚያ ባሕር የለም፤ ሐኪሙም በመኪና አንድ ሰዓት ነው። ቁጥቋጦው ተነቅሎ አይሄድም፤ ግንዱን ነካ አደረገችና መሪው ጋ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ዓመት የቆመ ሞተር አይነሳም ብለው ሎወልና ሌሎቹ ከየመስኮታቸው ያያሉ። በየወሩ ስታስነሳው የሰማ የለም እንዴ? ቁልፉን ሁለተኛ ስታዞረው ተነሳ።

የካምፑ በር ጋ ስትደርስ ዌንደል ከቢሮው እየሮጠ ወጣ፤ ጃንጥላም አልያዘ። መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

"ወይዘሮ ማርዲስ፣ ይቅርታ፣ በዚህ ሰዓት መጠየቅ... የቢሮው ጣሪያ እያፈሰሰ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚወርደው። አንዴ ብቻ ቢያዩልኝ?"

ቢሮው ባለቤቶቹ ካምፑን እንደገዙ በጭነት መኪና ያስመጡት አዲስ ባለ ጎማ ቤት ነው፤ ከመንገድ ሲታይ ያምራል።

"ስንት ዓመቱ ነው?" አለች ማርዲስ።

"አዲስ ነው። አንድ ዓመትም አልሞላው።"

"እንግዲያው አያፈስም" አለች። "ደንባችሁን አንብብ።"

ዌንደል ዝናቡ በፊቱ ላይ እየወረደ ቆመ። ማርዲስ ማርሽ አስገባች፤ ትንሽ ሄደች፤ ቆመች። ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈውን አውራ ጣት አየችው። አልቻለችም። ጭንቅላቷን በመስኮቱ አውጥታ ወደ ኋላ ጮኸች።

"ሲሊኮን እንዳትቀባበት!"