ሁለት ዙር ገመድ

ከራሳችሁ መቶ እጥፍ የሚከብድ ነገር በሁለት እጃችሁ ብቻ አቁማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አቁሜ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ጣና ሐይቅ ላይ ከባሕር ዳር ቁንዝላ በሚመላለስ የጭነት ጀልባ ላይ ተቀጠርሁ። ሥራዬ ሲሚንቶ መሸከም ነበር። የምመኘው ግን የገመዱን ሥራ ነበር፤ ጀልባዋ ስትደርስ ቀድሞ ወደ ወደቡ ዘልሎ የሚያስራት ሰው መሆን።

ካፒቴኑ ሽማግሌ ናቸው። «እባክዎ፣ አንድ ጊዜ ይሞክሩኝ» ብዬ ለመንኋቸው።

«ከወደቡ ግንብ ካላጋጨሃት ገመዱ ያንተ ነው» አሉኝ። «ካጋጨሃት ወደ ሲሚንቶህ ትመለሳለህ።»

ቁንዝላ ስንደርስ ነፋሱ ከኋላችን ነበር። ዘለልሁ፤ ገመዱን ከብረት ምሰሶው ላይ ጥብቅ አድርጌ ቋጠርሁት። ሥርዓት ያለው ቋጠሮ ነበር። ወዲያው ገመዱ ተወጠረ፤ የጀልባዋ አፍንጫ ሲያዝ ጊዜ ኋላዋ ዞሮ ወደ ግንቡ መጣ።

«ፍታው፣ አስተማሪው!» ብለው ጮኹ ካፒቴኑ።

የተወጠረ ቋጠሮ አይፈታም። አንዱ ተሸካሚ በረጅም እንጨት ገፍቶ፣ ግንቡን ልትመታ አንድ ክንድ ሲቀራት አዳናት።

«ፍየል መሰለችህ?» አሉ ካፒቴኑ። «እየሄደች ያለችን ጀልባ አትቋጥርም። ምሰሶው ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመህ ጫፉን ያዝ፤ ቀስ እያልህ ልቀቅላት። ስትደክም ያኔ ታስራታለህ። አልተጋጨችምና ባሕር ዳር ላይ እንደገና ትሞክራለህ።»

ምክንያቱን ላስረዳ፤ ክፍል ውስጥ ሰበቃ ብለን የምናስተምረው ነው። ገመዱ በምሰሶው ላይ በተጠመጠመ ቁጥር ብረቱ ክብደቱን ይሸከማል፤ ለእጃችን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን ለሦስት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። በእጄ ግን አላውቀውም ነበር።

ስንመለስ ሽንኩርትና በቆሎ ሞልተን ነበር፤ ነፋሱም ብሶበታል። ዘለልሁ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር።

«ዛሬ ቋጠሮ የለም እንዴ?» አለ ያ ባለ እንጨቱ ተሸካሚ ከላይ።

ገመዱ ብረቱ ላይ እየተንሸራተተ ሲጢጥ ይላል፤ ያ ሁሉ ጭነት እጄ ላይ የደብተር ቦርሳ ያህል እንኳ አልከበደም። ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ አደረግሁ። ጀልባዋ ፍጥነቷ በረደ፤ ጎኗ ላይ በተንጠለጠሉት አሮጌ ጎማዎች ግንቡን ቀስ ብላ ተደገፈች። ያኔ ቋጠርሁ። ብቻዬን እስቅ ነበር።

ካፒቴኑ ወርደው ገመዱን በእጃቸው ሳብ አድርገው አዩት። «ነገ ከፊት ትቆማለህ፤ ሲሚንቶውን ሌላ ይሸከመዋል» አሉ።

እናንተም እባካችሁ ሞክሩት። አንድ ገመድና አንድ ዛፍ ፈልጉ፤ ከጓደኞቻችሁ ጉልበተኛውን አንዱን ጫፍ አስይዙት። እናንተ ሁለት ዙር ጠምጥማችሁ ሌላውን ጫፍ ያዙና «ሳብ!» በሉት። ጣታችሁን ብቻ ከገመዱና ከግንዱ መሃል አርቁ።