ፀሐይ በምዕራብ ስትወጣ ያዩት ጎረቤቴ

መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለው እድራችን አንድ ጡረተኛ አብራሪ አሉ። ጉልምስናቸውን ውጭ አገር አሳልፈው፣ ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኞች አውሮፕላን አብርረው የተመለሱ ናቸው። «ካፒቴን» እንላቸዋለን። እኛ ሰፈር አውሮፕላን ያበረረ ሁሉ ካፒቴን ነው፤ ቤት ያሠራ ሁሉ ኢንጂነር እንደሚባለው።

ወሬያቸውን ግን የሚያምን አልነበረም። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ፀሐይ በምዕራብ ስትወጣ አይቻለሁ ካሉ ወዲህ፣ የእድሩ ሊቀመንበር ባገኛቸው ቁጥር «ዛሬስ በየት በኩል ወጣች?» ሳይል አያልፍም። እየሳቁ ያልፉታል፤ እንደሚከፋቸው ግን አውቅ ነበር።

ታሪካቸውን ለምሠራበት ጋዜጣ ልጽፈው ቆረጥኩ። ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ተቀምጠን ጠየቅኳቸው። የድምፅን ፍጥነት ሲያልፉ የከፍታ መለኪያው መርፌ ትንሽ ከመርገብገቧ በቀር ምንም አይሰማም አሉ። እላይ ሲደርሱ ሰማዩ በቀን ይጠቁራል፤ የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ለማረፍ ሲቃረቡ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ያጎነብሱታል፤ አለዚያ መንደርደሪያው አይታያቸውም። ፀሐይዋም ተረት አልነበረችም። ልክ እንደጠለቀች ወደ ምዕራብ ከተነሱ፣ አውሮፕላኑ የምድርን መዞር ይቀድማልና የጠለቀችው ተመልሳ ብቅ ትላለች። ሙያውን የሚያውቁ ሌሎች ሰዎችንም ጠየቅኩ። ልክ ነው አሉ።

በመጨረሻ ካፒቴን ነበሩ ወይ አልኳቸው። ሻያቸውን ሲያማስሉ ቆዩ።

«ረዳት አብራሪ ነበርኩ። ካፒቴን ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ» አሉ። «ረዳት የምትለዋን ተዋት ልጄ። እሷን ካነሳህ ሁሉንም ውሸት ነው ይሉኛል።»

«እሷ ካልተጻፈች ፀሐይዋንም አልጽፋትም» አልኳቸው።

ደጅ ላይ የታክሲው ረዳት «ጀሞ! ጀሞ!» እያለ ይጣራል። ሻያቸውን ጨልጠው ብርጭቆውን አስቀመጡ። ከዚያ «እንግዲህ ጻፈው» አሉኝ።

ጋዜጣው ከወጣ በኋላ በእድሩ ድንኳን በነበረው ስብሰባ ሊቀመንበሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ረዳት አብራሪ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመና ከመነጽሩ በላይ አያቸው።

«ታዲያ ካፒቴን ካልነበሩ ፀሐይዋን ያየው ማነው?»

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ሳቁ እስኪያልቅም ጠበቁ።

«ካፒቴኑ ያን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ መሣሪያዎቹን ያያል። ወጣች ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ የፀሐይዋን አንቀጽ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበ፤ በዚህኛው የሳቀ የለም።

አሁን ለቅሶ ቤት እንግዳ ሲመጣ ራሱ ሊቀመንበሩ አጠገባቸው ያስቀምጠውና «ካፒቴን፣ እስቲ የፀሐይዋን ይንገሩት» ይላል። እሳቸው መጀመሪያ «ረዳት» ብለው ያርሙታል። ከዚያ ይቀጥላሉ።